የአማት ጊታር ማስለቀሻ

ቧንቧ ሠራተኛው ሚስቱን ካገባ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት ለአማቱ ያልሠራው ነገር የለም። የወጥ ቤታቸውን ቧንቧ ሦስት ጊዜ ቀይሯል፣ የመታጠቢያ ቤታቸውን መውረጃ ስንት ጊዜ እንደከፈተ እሱም አያውቀው፣ ጡረታ ወጥተው ከእነሱ ጋር መኖር ሲጀምሩ ደግሞ ክፍላቸው ድረስ ሙቅ ውኃ አስገብቶላቸዋል። አማቱም ውለታ ቢስ አይደሉም፤ ያመሰግናሉ። ግን ሲያመሰግኑ እንዲህ ነው፦ «እጅህ አይጎዳ፣ ቧንቧው።»

ቧንቧው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ልጄ» ብለውት አያውቁም።

ሌላው አማች፣ የሚስቱን ታናሽ እህት ያገባው ፋርማሲስት፣ ገና የመጀመሪያ ቀን፣ ወንበር እንኳን ሳይስብ ነው «ልጄ» የተባለው። ምን አደረገና? ምንም። ከረባት አሰረ፣ ፈገግ አለ፣ «ቤታችሁ ደስ ይላል» አለ። አለቀ። ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ነገር ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ በሆዱ ይዞት ነው የሚኖረው። ትልቅ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ «አማቴ ልጄ አላሉኝም» ብሎ ለማን አቤት ይላል? ግን ያመዋል። እውነቱ ይኸው ነው።

አማቱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጡረታ የወጡ ዕለት ፋርማሲስቱ ለቀልድ ያህል አንዲት ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር አመጣላቸው፤ ከነካርቶኗ፣ ከሁሉም ርካሿን። «መጫወቻ ትሁንዎት» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ክፍላቸውን ዘግተው ሁለት ዓመት እንደ ተማሪ ተለማመዱና የቤቱ ሰው ሁሉ በጥጥ ጆሮውን መድፈን ባቆመበት ሰሞን መጫወት ቻሉ። ከዚያ ድራም የምትመታ ጡረተኛ አዋላጅና ኦርጋን የሚጫወቱ የድሮ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ፈልገው አንድ ላይ ባንድ ሆኑ።

ከጊታሯ ሆድ ላይ የምትወጣ አንዲት ቀጭን የብረት እጀታ አለች። ክሩን መትተው እሷን ጫን፣ ለቀቅ ሲያደርጓት ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ዓለም ምን እንደሚላት እንጃ፤ አማቱ «ማስለቀሻዬ» ነው የሚሏት። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህች በማስለቀሻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ጡረተኞች ሳሎን ውስጥ ሲለማመዱ ማስለቀሻዋ ከቀዳዳዋ ተንሸራታ ወጣችና የአዋላጇ አውራ ጣት ላይ አረፈች። አዋላጇ በሥራ ዘመኗ ስንት ጩኸት ሰምታ እንዳልሰማች ያለፈች ሴት፣ ያን ቀን በተራዋ ጮኸች።

«ልላ ብላ ከርማለች» አሉ አማቱ ብረቷን ከወለሉ አንስተው። «ስለቃት ትወድቃለች፣ ስይዛት ትወዛወዛለች። አሁን ደግሞ ጭራሽ ወጣች።»

ፋርማሲስቱ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። «እማማ፣ ምን አስጨነቀዎት? አዲስ እንገዛለና!»

«ልጄ፣ ዝግጅቱ እሁድ ነው እኮ! በሁለት ቀን ከአዲስ ጊታር ጋር ልተዋወቅ?»

ቧንቧ ሠራተኛው እጁን በፎጣ እያደረቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ልጄ» የምትለው ቃል ከጎኑ አልፋ ሶፋው ላይ ስታርፍ ሰማት። ያኔ ነው አፉ ያመለጠው።

«ጥርስ ያለው ብረት ከሆነ ለእኔ ይተዉት፣ እማማ።»

አማቱ በመነጽራቸው አናት አዩት። «አንተ የምታውቀው ቧንቧ ነው። ይሄ ሙዚቃ ነው።»

«ብረት ብረት ነው፣ እማማ። የሚሽከረከር ጥርስ ያለው ነገር እኔን አምልጦ አያውቅም።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጊታሯን ከነገመዷ አቀፏትና ወደ እሱ መጡ። «ስማ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ሰው ፊት ነው የምቆመው። ዘፈኑ ማለቂያ ላይ አንዲት ድምፅ አለች። ያቺ ድምፅ ካላለቀሰች ሁለት ዓመት ለፍቼ ምንም አልሠራሁም ማለት ነው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ጊታሯን ተቀበላቸው። ያቺ ድምፅ ካለቀሰች፣ አለ በልቡ፣ እሁድ ማታ «ልጄ» እባላለሁ። ካላለቀሰች ግን እስክሞት ቧንቧው ነኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግቢው ጥግ ወዳለችው የዕቃ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጊታሯን አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝቶ መረመራት። ነገሩ ቀላል ነው። እጀታዋ ጫፏ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ አላት፤ ቀዳዳው ውስጥም ጥርስ አለ፤ ርካሽ ብረት ስለሆነ ሁለቱም ተበልተዋል። እንዲህ ያለ ነገር በቀን አራቴ ነው የሚያየው። ቃጫ፣ ነጭ ማሸጊያ ቅባት፣ ጥሩ ቁልፍ፤ በቃ።

እዚህ ላይ ስለ ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የቧንቧ ሠራተኛ በሕይወቱ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም የሚነቃነቅ መጋጠሚያ ነው። የተነቃነቀ ያንጠባጥባል፣ ያንጠባጠበ ያፈሳል፣ ያፈሰሰ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ያስጠራል። ስለዚህ እጁ ቁልፍ ሲይዝ ራሱ ባያዘውም ያጠብቃል። ቃጫውን ጥርሷ ላይ ጠመጠመ፣ ቅባቱን ለቀለቀ፣ እጀታዋን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አሽከረከረ። ጠበቀች። አንድ ዙር ጨመረ። ሲጥ አለች። ግማሽ ዙር ጨመረ።

የምትቆምበትን አቅጣጫ ሲመርጥ ደግሞ ብዙም አላሰበም። የውኃ መዝጊያ እጀታ ቧንቧውን ተከትሎ ከተጋደመ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ ነው። ይህንን በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። እናም ማስለቀሻዋን የክሮቹን መስመር አስከትሎ፣ ጫፏን ወደ ጊታሯ ቂጥ አዙሮ አቆማት። ክፍት! ውኃ ቢለቀቅባት ወለል ብሎ ያልፋል። በመጨረሻም፣ ይህንን ለማንም አይናገርም እንጂ፣ አጎንብሶ መጋጠሚያዋ ላይ ትንፋሹን እፍ ብሎ አየር ያመልጥ እንደሆነ አዳመጠ። አያመልጥም። ደረቱን ነፍቶ ሚስቱን ጠራ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። እጀታዋን አየች። ነካቻት። ገፋቻት። በሁለት እጇ ገፋቻት።

«ለምንድን ነው ወደ ኋላ የዞረው?»

«መስመሩን ተከትሎ ነዋ። ክፍት ነው።»

«ምኑ ነው ክፍት?»

«እ...» አለ።

«እማዬ እኮ ክሩን በምትመታበት እጇ ነው ይዛ የምትጫነው። እዚህ ጋ መሆን አለበት፣ መዳፏ ሥር። ሳትፈልገው ደግሞ ገፋ ታደርገዋለች። መዞር አለበት እኮ ሰውዬ! እንዳይወድቅ ነው እንጂ እንዳይዞር ማን አለህ?»

ቁልፉን አንስቶ ወደ ግራ ሞከረ። ምንም። ሥራው ጥሩ ነበራ! በዚያች ሰዓት የገዛ ሙያውን ረገመ።

በሩ ተንኳኳ። «ደረሰች ወይ?» የአማቱ ድምፅ ነው።

ባልና ሚስት ተያዩ። ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛው ብርድ ልብሱን ጊታሯ ላይ ጣል አድርጎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ደርሳለች እማማ! ማጣበቂያው እስኪደርቅ ብቻ መነካት የለባትም» አለ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሃ... ሃያ ሰዓት።»

ከበሩ ጀርባ ሒሳብ እየተሠራ ነው። «አሁን አሥር ሰዓት ነው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እጄ ላይ ትሁን።»

ኮቴያቸው ሲርቅ ሚስቱ በእጇ አፏን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እያለቀሰች መስሎት ደነገጠ፤ እየሳቀች ነው።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሃያ ሰዓት! ሠላሳ ብትል ምን ነበረበት? ዝግጅቱ አልፎ ትገላገል ነበር።»

እሁድ ጠዋት በማለዳ ትግሉ ተጀመረ። ዘይት አጠጣት። ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ አንጠባጠበባት። ለመናት። ሦስት ሰዓት ላይ ትልቁን ቁልፍ አመጣ፤ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ሳበ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ዞረች መሰለው፣ ልቡ በደስታ ዘለለ። ከዚያ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ማስለቀሻዋ እጁ ላይ ናት። ጥርሷ ግን ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል።

ወለሉ ላይ ተቀመጠና ቁራጯን ብረት አገላብጦ አየ። የቧንቧ ዕቃ መሸጫው እሁድ ይዘጋል፤ የባለ ሱቁ ስልክም ዝግ ነው። ይሄን ጊዜ አማቱ ክፍላቸው ውስጥ የዝግጅት ቀሚሳቸውን በካውያ እየተኮሱ፣ የዘፈኑን ዜማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። በመስኮት ይሰማዋል። መጨረሻዋ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ ያስለቅሷታል። አሁን ስለ «ልጄ» አይደለም የሚያስበው። ሁለት ዓመት የለፋች አሮጊት ሁለት መቶ ሰው ፊት ልታፍር ነው፤ ያውም በእሱ እጅ።

አራት ሰዓት ላይ ፋርማሲስቱ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። «እስቲ የጥገናውን ጥበብ ልየው!» እያለ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሲያመራ የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው። «ሱሪህ ከኋላ ተተርትሯል» አለችው። ሱሪው ደህና ነበር። ግን ልብስ ሰፊ «ተተርትሯል» ስትል የማይደነግጥ ወንድ የለም፤ ሱሪውን አውልቆ፣ ፎጣ አገልድሞ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቆየላት።

ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ነገር ሲጠብቅበት የሚገባበት አንድ ቦታ አለው። መጸዳጃ ቤት። የመቀመጫውን ክዳን ዘግቶ ተቀመጠበትና ራሱን ያዘ። ከኋላው የመጸዳጃዋ ታንከር ውኃ ትሞላለች፤ ሽሽሽ ብላ ቆየችና ቀጥ አለች። ለምን ቀጥ አለች? ውስጧ ያለችው ኳስ ተንሳፍፋ፣ እጀታዋን ወደ ላይ ገፍታ፣ ውኃውን ዘጋችዋ። ይህን የልጅ ትምህርት በልቡ እየደገመ ሳለ ድንገት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

የታንከሯን ክዳን አነሳ። እዚያ ውስጥ ጥቁሯ ኳስ ተንሳፍፋለች። ኳሷን የያዘቻት እጀታ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የማትዝግ ነሐስ ናት። በሁለቱም ጫፏ ደግሞ፣ የፈጣሪ ያለህ፣ ጥርስ አላት።

የታንከሯን ውኃ መዝጊያ አዙሮ ዘጋና ውስጧ ያለውን ውኃ አወረደ። እጀታዋን ፈትቶ በሸሚዙ ሥር ደበቃት፤ ኳሷን ደረቁ ታንከር ውስጥ ጥሏት ወጣ። በሳሎኑ ሲያልፍ ፎጣ ያገለደመው ፋርማሲስት «ሆድህን አመመህ እንዴ?» አለው። «በጣም» አለና ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ እውነት ለመናገር፣ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የረቀቀው ነው። የቀረውን ጥርስ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀስ ብሎ ፈልፍሎ አወጣ። ለቀዳዳው በነሐሱ ልክ አዲስ ጥርስ አወጣለት። እጀታዋን ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት ማሰሪያ ውስጥ አስሮ እንደ ድሮዋ አጎበጣት፣ መዳፍ እንዳትጭር ጫፏን ጥቁር ጎማ አለበሳት። ጥርሷ ላይ ነጭ የቴፍሎን ማሸጊያ ጥብጣብ ጠመጠመ፤ ሦስት ዙር ብቻ። ከዚያ ቁልፉን ወርውሮ በጣቱ ብቻ አሽከረከራት።

ትንሽ ከበድ ስትል እጁ «ጨምር» አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ የለመደ እጅ ነው፤ በቀላሉ አይሰማም። «ተወኝ» አለው ጮክ ብሎ። እጀታዋን ወደ ቀኝ ገፋት፤ ሄደች። ለቀቃት፤ ባለችበት ቆመች። ወደ ግራ ገፋት፤ ሄደች፤ ቆመች። የማትወድቅ፣ የማትደርቅ። የሚነቃነቅ መጋጠሚያ አይቶ ደስ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጊታሯን ለአማቱ አስረከበ። አገላብጠው አዩዋት።

«ቢጫ ሆናለች።»

«ነሐስ ነው፣ እማማ። አይዝግም።»

«ረዝማለች።»

«ስትረዝም ለመጫን ትቀላለች።»

ገፋ አደረጓት፣ ሳቧት፣ ለቀቋት። የጎማውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱና ትንሽ ቆዩበት። «እም» አሉ። ያስተማሯቸው ልጆች እንደሚናገሩት፣ የእሳቸው «እም» ከመቶ ሰማንያ ናት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ዘፈኑን አልሰማም፤ ዓይኑን ከነሐሷ አልነቀለም። በየመሃሉ አማቱ ሲጫኗት እሱ አብሮ ትንፋሹን ይይዛል። በመጨረሻ ያቺ ድምፅ መጣች። አማቱ ክሩን መቱና ረጅሟን እጀታ በመዳፋቸው ያዟት፣ ጫን አሏት፣ ቀስ ብለው ለቀቋት። ድምፁ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወረደ። ልምምድ ላይ ከሰሙት ሁሉ እጥፍ አለቀሰች። አዋላጇ መምታቷን ረስታ ዱላዋን እንደያዘች ቀረች። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ቧንቧ ሠራተኛውም፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል ከፊት ረድፍ አንድ ሰው «ያቺን የወርቅ እጀታ ማን ሠራልዎት?» ብሎ ጮኸ።

ፋርማሲስቱ ከመቀመጫው ከፍ አለ። «ጊታሯን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ!»

አማቱ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። «እጀታዋን የሠራው» አሉና ከኋላ ረድፍ ፈልገው አገኙት፤ «ቧንቧው ነው።»

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበለትም። እሱም ተነስቶ እጅ ነሳ። ቅስሙ ግን ስብር አለ። ከዚህ በላይ ምን ይሠራል ሰው? ሲቀመጥ ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ ነገሩን ስታውቅ ነው የኖረችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤት ገብተው ሳሎን ተቀምጠው፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ ፋርማሲስቱ ጊታሯን እንዴት እንደመረጠ ለአዋላጇ ሲያወራ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲዘጋ ተሰማ። ቧንቧ ሠራተኛው ዙሪያውን አየ። አማቱ የሉም። ያኔ ታንከሯ ትዝ አለችው።

የማውረጃዋ እጀታ ቀጭ አለች። ዝም። ደግማ ቀጭ አለች። ዝም። ቀጥሎ የታንከር ክዳን ሲነሳ የሚሰማው የሸክላ ፍትጊያ መጣ። ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ ይለየዋል።

«ልጄ!» አሉ አማቱ ከውስጥ።

ፋርማሲስቱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ፈንጠር ብሎ ተነሳ። «አቤት፣ እማማ!»

በሩ ተከፈተ። አማቱ የዝግጅት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ። በቀኝ እጃቸው ጥቁሯን ኳስ አንጠልጥለዋል።

«አንተ ቁጭ በል» አሉት ፋርማሲስቱን። «ለዚህ ኪኒን የለም። የጠራሁት ልጄን ነው።»

ቧንቧ ሠራተኛው አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። «አንተን እኮ ነው!»

ተነሳ። ሄዶ ፊታቸው ቆመ። ኳሷን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ይቺ ምስኪን እጀታዋን ማን ወሰደባት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የድሮዋ ማስለቀሻ በእጄ ተሰበረች። ማጣበቂያው፣ ሃያ ሰዓቱ... ውሸቴን ነው።»

«ጎማውን ስዳብሰው ነው ያወቅኩት። ከሥሩ የቧንቧ ጥርስ ነበረው» አሉ። ፊታቸው አልፈካም፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል። «ለእኔ ሲል የገዛ ቤቱን ሽንት ቤት የሚያፈርስ ሰው ልጄ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በል ና፣ ውኃውን ክፈትልኝ።»

«ያለ እጀታዋ ብከፍተው አይቆምም። እጀታዋን ልመልሳት እንዴ?»

«ማስለቀሻዬን? ንክች እንዳታደርጋት!»

ስለዚህ ሰኞ ሱቅ እስኪከፈት ድረስ ያ ቤተሰብ ከነእንግዶቹ በባልዲ ነው የተገለገለው። ባልዲውን እየሞላ የሚያመላልሰው ማን እንደነበር መቼም ግልጽ ነው። አማቱ ከክፍላቸው ሆነው «ልጄ፣ ውኃ!» ባሉ ቁጥር አንጀቱ ቅቤ እየጠጣ ይነሳል። እስከ ሰኞ ጠዋት ዘጠኝ ጊዜ ጠርተውታል፤ ቆጥሯል። ሱቁ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እሱ ግን አዲሷን እጀታ ለመግዛት የሄደው ከሰዓት በኋላ ነው።